ልጁን ከቤቱ፣ ወይስ ልጁን ከነቤቱ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘነው አይደለም። በእግራችን ሄደን፣ አፍረን የተመለስንበት ጥያቄ ነው። ይኸውም፦ የተቸገረን ልጅ ለመርዳት ሲባል ከቤቱ አውጥቶ ወደ ተሻለ ሥፍራ መውሰድ ተገቢ ነውን? ወይስ እውነተኛው እርዳታ ልጁ ያለበትን ቤት ደግፎ ማቆም ነው? «ይህ ደግሞ ምን ያጠያይቃል? ልጁ ከራብና ከድንቁርና ይዳን እንጂ የትም ይደግ» የሚል ይኖራል። እኛም እንዲሁ ስንል ነበርና አንፈርድበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከሚሴ ከተማ ወጥቶ የጨፋን ሜዳ ተሻግሮ ወደ ተራራው ግርጌ ለሚሄድ ሰው፣ መኪና የማይደርስባቸው ብዙ መንደሮች አሉ። በአንዱ መንደር አያቱ ዘንድ የሚኖር፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ መኖሩን ከገበያተኞች ሰማን። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄዳለች፤ ልጁም ትምህርቱን እየተወ ውኃ ይቀዳል፣ ፍየል ይጠብቃል ተባለ። በዚያው እሑድ ከጉባኤ በኋላ ተመካከርን። ገንዘብ አዋጣን፤ በትምህርት ቤት አቅራቢያ ከአንዲት ደግ እናት ቤት መኝታ አዘጋጀን፤ ብርድ ልብስና ደብተር ገዛን። በመዝገባችንም ላይ «ወላጅ የሌለው» ብለን ስሙን ጻፍን። ከዚያም ስድስት ሆነን ልጁን ልናመጣ ሄድን።

አያቱ በደኅና ተቀበሉን። ቡና አፈሉ፣ የማሽላ ቂጣ አቀረቡ። ከእኛ መካከል ኦሮምኛ አጥርቶ የሚናገረው ወንድማችን የመጣንበትን ጉዳይ አስረዳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉና እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «አብሽሩ ልጆቼ፤ ደግ አስባችኋል። ነገር ግን እናቱ ተመልሳ ብትመጣና ልጄ የት አለ ብትለኝ፣ ምን ልበላት?» ከስድስታችን አንዳችንም መልስ አልነበረንም። ወላጅ የሌለው ብለን የጻፍነው ልጅ እናት እንዳለችው ያን ጊዜ ገባን። በሌላ አነጋገር፣ በብዕራችን አንዲትን ሴት በሕይወት ሳለች ቀብረናታል።

ልጁንም ያን ጊዜ ነበር የጠየቅነው። ልትማር ትወዳለህ ወይ ብንለው «አዎን» አለ። ከእኛ ጋር ትሄዳለህ ወይ ብንለው ግን ከደጃፉ ወደ ቆመችው ታናሽ እኅቱ ዘወር ብሎ «እሷስ?» አለ። ስለ እኅቱ የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። የተዘጋጀው መኝታ አንድ ነበር።

በመንገድ ስንመለስ ክርክር ተነሣ። ከፊሎቻችን «ሽማግሊቱ ስለ ስሜታቸው ብለው የልጁን ዕድል ዘጉ፤ ፍቅር እንጀራ አይሆንም፤ ከተማ ቢመጣ ይማር ነበር» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ልጁ ያጣው ትምህርት ቤት እንጂ ቤት አይደለም፤ እኛ ግን ያጣውን እንስጥህ ብለን ያለውን ልንወስድበት ነበር» አልን። ሁለቱም ወገን የሚናገረው እውነት ስላለበት ነገሩ በአንድ ምሽት የሚያልቅ አልሆነም። ስለሆነም ቅዱሳት መጻሕፍትን፣ የአገራችንን ታሪክና የሌላውን ዓለም ታሪክ ልንመረምር ተስማማን።

አስቀድመን የሙሴን ነገር እንመልከት። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 2 እንደምናነበው የፈርዖን ልጅ በወንዝ ዳር የተጣለ ሕፃን አግኝታ ራራችለት። ርኅራኄዋ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ያን ርኅራኄ መልካም መንገድ ያስያዘችው ከሩቅ ሆና ትመለከት የነበረችው የሕፃኑ እኅት ናት። ቀርባም የምታጠባው ሴት ልጥራልሽን ብላ ጠየቀች፤ የጠራችውም የገዛ እናቱን ነበር። የፈርዖን ልጅ ለእናቲቱ ደመወዝ ቆርጣ ልጁን እንድታሳድግ ሰጠቻት። ወንድሞቻችን ሆይ፣ ይህን አስተውሉ፤ ባለጠጋዋ ቤተ መንግሥት አላት፣ ድሃዋ ደግሞ ጡት አላት። የባለጠጋዋ ገንዘብ ወደ ድሃዋ ቤት ገባ እንጂ ሕፃኑ ገና ጡት ሳይጥል ወደ ባለጠጋዋ ቤት አልገባም። በኋላም ሙሴ በቤተ መንግሥት የግብፅን ጥበብ ሁሉ ተምሯል። ሆኖም አድጎ ወደ ወንድሞቹ በወጣ ጊዜ ወንድሞቹ እነማን እንደሆኑ ያውቅ ነበር። ይህን ዕውቀት ከቤተ መንግሥት አላገኘውም፤ ከእናቱ ጉያ ነው እንጂ። ስለዚህ «ይማር» የሚለውና «በእናቱ ቤት ይደግ» የሚለው እርስ በርስ የሚጣሉ አይደሉም፤ የሚያጣላቸው የእኛ ችኮላ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ያለችው ባልቴት ናት። ባለ ዕዳ ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት በመጣ ጊዜ ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩ ልጆችሽን ወደ እኔ አምጪ አላላትም። በቤትሽ ምን አለሽ ብሎ ጠየቃት። ጥቂት ዘይት ነበራት። ከዚያም ከጎረቤቶቿ ማድጋ እንድትዋስ አዘዛት። በእርዳታው ውስጥ ሦስት ነገሮች ተገኙ ማለት ነው፤ የቤቲቱ ዘይት፣ የጎረቤት ማድጋ፣ የእግዚአብሔር በረከት። በመጨረሻም ዕዳው ተከፈለ፣ ልጆቹም ከእናታቸው ጋር ቀሩ። እኛ ግን ወደዚያች መንደር ስንሄድ በቤቱ ምን እንዳለ አልጠየቅንም፤ የጎደለውን ብቻ ቆጥረን ሄድን።

አሁን ደግሞ ከአገራችን ውጭ ያለውን እንመልከት። በካናዳ የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ልጆች ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከወላጆቻቸው እየተለዩ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገቡ ነበር። ቁጥራቸውም ከ150 ሺህ በላይ እንደነበረ ይነገራል። በቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር፤ ብዙዎችም በበሽታና በጉስቁልና እዚያው ሞቱ። የመጨረሻዎቹ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ነው። በአውስትራሊያም እንዲሁ በሕግ ከእናቶቻቸው የተወሰዱ ብዙ ልጆች ነበሩ። የሁለቱ አገሮች ጠቅላይ ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. በ2008 በየምክር ቤታቸው ቆመው ይቅርታ ጠይቀዋል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ሕግ፣ የቀደምት ሕዝቦች ልጅ ከወላጆቹ ቤት መውጣት ግድ ሲሆንበት በቅድሚያ ለዘመዶቹ፣ ቀጥሎም ለወገኖቹ እንዲሰጥ ደንግጋለች።

ይህን ስናነብ እጅግ ያስደነገጠን አንድ ነገር አለ። የካናዳን ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት ጋር ሆነው ያስተዳደሩት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ካናዳ ሄደው ይቅርታ የጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው። «እኛ ከእነዚያ አይደለንም» ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ነገር ግን በዚያ ከነበሩት መምህራንና መነኮሳት ስንቶቹ «ለልጁ ይጠቅመዋል» ብለው በቅን ልቡና ሄደው ይሆን? እኛም ብርድ ልብስ ይዘን የሄድነው በቅን ልቡና ነበር። በእርግጥ የእኛ ሥራ ከእነዚያ ጋር የሚመዛዘን አይደለም፤ እኛ ማንንም በግድ ልንወስድ አልሄድንም። ሆኖም የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ነው፤ ይኸውም ለልጁ የሚበጀውን ከወለዱትና ካሳደጉት ይልቅ እኛ እናውቃለን ብሎ መነሣት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ወሎ የልጆችን መለየት ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ራብ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ልጆች ያለ ወላጅ ቀርተዋል። እዚህ ላይ የእሜቴ አበበች ጎበናን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ በሄዱ ጊዜ፣ በራብ ከሞተች እናቷ ጡት ላይ ያለች ሕፃን አገኙ። ከዚያም ሁለት ልጆች ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቤተሰባቸው ቢቃወማቸውም ልጆቹን አልተዉም፤ ይልቁንም ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስም ለብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆነው ኖሩ። ታዲያ «ልጅ ከቤቱ አይውጣ» የሚል ሰው ለእሜቴ አበበች ምን ይላቸዋል? ምንም አይላቸውም። ልጅቱ የተገኘችበት ቤት አልነበረምና። እናቲቱ ሞታለች፤ ሕፃኒቱ ልትሞት ጥቂት ቀርቷታል፤ በዚያች ሰዓት ማንሣት ብቻ ነው ፍቅር።

ስለዚህ ሕጋችን «ፈጽሞ አይወሰድ» ሊሆን አይችልም። የሚደበድቡት፣ ያለ ዕድሜዋ ሊድሯት የሚያስገድዷት፣ የሚያነሣው ሰው ፈጽሞ የሌለው ልጅ አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ «ቤቱ ነው» ብሎ ጥሎ መሄድ ሌላ ጭካኔ ነው። የቤተሰብ ሕጋችን ጋብቻን ከ18 ዓመት በታች የከለከለው ልጅቱን ከገዛ ወላጆቿ ውሳኔ ጭምር ለመጠበቅ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ክፉ ነገር ሲያገኘው ልጁን ከክፉው እናወጣዋለን፤ ድህነት ሲያገኘው ግን ድህነቱን ከቤቱ ለማውጣት እንደክማለን። ድሃ መሆን እናትነትን አያሽርም።

ከ1977ቱ ራብ በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያስተምረናል። በዚያ ጊዜ ብዙ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ተከፈቱ፤ የብዙ ልጆችንም ነፍስ አተረፉ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ችግር ታየ። በግቢ አጥር ውስጥ ያደገ ልጅ ዕድሜው ደርሶ ሲወጣ ቅሬ የለው፣ ዘመድ የለው፣ አገር የለው። በራቡ ዘመን ማሳደጊያዎችን ከከፈቱት መካከል የኢየሩሳሌም የሕፃናት ማሳደጊያ ማኅበር በኋላ ልጆቹን ወደ ዘመዶቻቸውና ወደ ማኅበረሰቡ እየመለሰ ሥራውን ቤተሰብንና መንደርን ወደ መደገፍ አዛውሯል። ስሙንም እንዲሁ የሕፃናትና የማኅበረሰብ ልማት ድርጅት ወደሚል ለውጧል። አገራችንም በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን አሻሽላ ለውጭ አገር ዜጎች ጉዲፈቻ መስጠትን አቁማለች። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ ልጆች ሳይቀሩ በወረቀት ላይ ወላጅ አልባ ተብለው ባሕር ተሻግረዋል። እኛም በመዝገባችን ላይ የጻፍነውን ባስታወስን ጊዜ በዚህ ነገር ልንፈርድ አፋችን አልደፈረም።

ስለ ጉዲፈቻ ካነሣን አንድ ነገር እናስተውል። ይህ በአዋጅ የምናነበው፣ በፍርድ ቤት የምንሰማው ቃል የመጣው ከኦሮምኛ ነው፤ ሥሩም ማሳደግ ማለት ነው። ይህችን የእኛን አካባቢ ሰዎች «ልናስተምራቸው» ስንሄድ፣ የሌላውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግን የሚገልጸውን ቃል ለአገር ሁሉ የሰጠው የእነርሱ ቋንቋ መሆኑን ዘንግተን ነበር። በአማራውም ወገን የጡት ልጅ፣ የጡት አባት የሚባል ልማድ አለ። በወሎ ደግሞ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ የሚቀባበርበት ቅሬ አለ። እንግዲህ ከተማ ሳለን «ረዳት የለውም» ያልነው ልጅ፣ ቀርበን ስናየው በቅሬ፣ በዘመድና በጎረቤት መካከል የተቀመጠ ነው።

የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎችም የሚሉት ከዚህ የራቀ አይደለም። ይህ ሙያ በአገራችን በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ በአብዮቱ ዘመን ተቋርጦ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተከፍቷል። ትምህርቱ ብዙ ቢሆንም መጀመሪያው ቀላል ነው፤ ሰውየውን በቤቱ ሂዶ ማየት፣ መስማት፣ ያለውን መቁጠር፣ ከዚያ በኋላ የጎደለውን መሙላት። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ንጹሕ አምልኮ ምን እንደሆነ ሲያስረዳ ወላጅ የሌላቸውንና ባልቴቶችን ስለ መጠየቅ ይናገራል። በቋንቋችን «መጠየቅ» ሁለት ፍቺ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን፤ የታመመን፣ ያዘነን ሰው ሄዶ ማየት መጠየቅ ይባላል፤ የማያውቁትን ለማወቅ መናገርም መጠየቅ ይባላል። እኛ በመጀመሪያው ፍቺ ጠየቅን፤ በሁለተኛው ግን አልጠየቅንም። ሁለቱ ካልተገናኙ መጠየቅ ሙሉ አይሆንም።

ሌላም መሸሸግ የማይገባ ነገር አለ። ከመንደሩ አንድ ሽማግሌ ወንድማችንን ለብቻ ጠርተው «ልጁን ልታጠምቁት ነውን?» ብለው ጠይቀውታል። ሰውየው ይህን ቢሉ አንቀየማቸውም። የተራበን ልጅ በእንጀራ ስቦ እምነቱን ማስለወጥ እርዳታ አይደለም፤ መንጠቆ ነው። በራብ የተገዛ እምነትም ለእግዚአብሔር ክብር አይሆንም። ከእኛም መካከል «የምእመናን ገንዘብ እንዴት ለእስላም ልጅ ይውላል?» ያለ ነበር። ለዚህ ጌታችን ራሱ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 መልሶልናል። ሳምራዊው የወደቀውን ሰው ሲያገኝ ከየት ወገን ነህ ብሎ አልጠየቀውም፤ ቁስሉን አሰረለት፣ ወጪውን ከፈለለት፣ ሲመለስም ተጨማሪውን ወጪ ሊከፍል ቃል ገብቶ ሄደ። ውለታ አልቆጠረበትም። ይህ ትምህርት ለእኛ አካባቢ የቅርብ ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. በዞናችንና በአጎራባቹ ሰሜን ሸዋ ደም በፈሰሰ ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ከሚሴ ድረስ በደረሰ ጊዜ፣ ከሁሉም ወገን ልጆች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ያን ያየ ሰው የአንዱን ልጅ ከሌላው ለይቶ ሊያዝንለት አይችልም።

እንግዲህ ምን አደረግን? ከሁለት ሳምንት በኋላ ብርድ ልብሱን ብቻ ይዘን ተመለስን፤ ያን ጊዜ የሄድነው ልንጠይቅ ነው። «እማማ፣ ልጁ ትምህርት ቤት እንዳይሄድ የሚከለክለው ምንድን ነው?» አልናቸው። መልሱ አጭር ነበር፤ ውኃ። ምንጩ ሩቅ ነው፤ የእርሳቸው ጉልበት አይችልም፤ ልጁ ጠዋት ሲቀዳ ትምህርቱ ያልፈዋል። በመንደራቸው አቅራቢያ ባለው ትምህርት ቤት በቋንቋው በኦሮምኛ ይማር ነበር፤ ከተማ አምጥተን በአማርኛ ልናስተምረው እንዳሰብንም ያን ጊዜ አስተዋልን። ለመኝታው ኪራይ ያዋጣነውን ገንዘብ የቅሬው ዳኛ ባሉበት ለአህያና ለጀሪካን መግዣ አዋልነው። አህያዋን ጎረቤቲቱም ትጠቀምባታለች፤ በምላሹ የጎረቤቲቱ ልጅ ለሽማግሊቱ ውኃ ይቀዳል። በወር አንድ ጊዜ ከእኛ ሁለት ሰው ይሄዳል፤ ዘወትር አንዱ ኦሮምኛ የሚችል ነው። ሌሎቻችንም ቋንቋውን መማር ጀምረናል።

ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ ብለን አንዋሽም። ልጁ አሁንም በአዝመራ ጊዜ ይቀራል። ከከተማ ልጆች ጋር እኩል ይዘልቃል ብለን አንምልም። ከመካከላችን «ብናመጣው ይሻል ነበር» የሚል ዛሬም አለ፤ አሳቡንም እናከብራለን፤ የልጁን መማር ከማንም ይልቅ አጥብቆ የሚከታተለው እርሱ ነውና። ነገር ግን እኅቱም በዚህ ዓመት ከወንድሟ ጋር ትምህርት ቤት ገብታለች። ልጁን ወስደነው ቢሆን ኖሮ ውኃውን የምትቀዳው እርሷ ነበረች። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ከእኛ መካከል አልነበረም፤ ያሰበው ልጁ ነው፤ «እሷስ?» ብሎ።

ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወደፊት ችግረኛ ልጅ ልንረዳ ስንነሣ ሦስት ጥያቄዎችን እንድንጠይቅ እንለምናችኋለን። ይህ ልጅ ማን አለው? ቤቱ ምን አለው? ልጁ ራሱ ምን ይላል? የሦስቱም መልስ «ምንም» የሆነ እንደሆነ እንደ እሜቴ አበበች ያለ ማመንታት እናንሣው። አንድ ሰው እንኳ ካለው ግን አስቀድመን የዚያን ሰው እጅ እናበርታ። በመዝገባችን ላይ «ወላጅ የሌለው» የሚለውን ሰርዘን የእናቱን ስም ጽፈናል። ተመልሳ በመጣች ጊዜ ልጇን የምትጠይቀው ከእኛ አይደለም፤ ከቤቱ ታገኘዋለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።